ያገለገለች ኮሮላ ልትገዙ ነው? ስለ ሪኮል፣ ስለ ኤርባግና ስለ ጥንካሬዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮሮላ እወዳለሁ። በልጅነቴ አባቴ የሚነዳት ዲኤክስ ነበረች፤ መሪ የጨበጥኩትም በእሷ ነው። ዛሬ የምነዳውም ኮሮላ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው መኪናዋን ለማጥላላት አይደለም።

ዘመድ ወዳጅ መኪና ሊገዛ ሲል ይደውልልኛል። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሯ ነው። ቀጥሎ ስለ ካምቢዮዋ፣ ከዚያ ስለ ዋጋዋ። «ሪኮል አለባት ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እዚህ ያሰባሰብኩት የሚጠይቁኝን ነው፤ ቢጠይቁኝ ብዬ የምመኘውንም ጨምሬበታለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የመኪና ሞዴል የሚቆጠረው በዚያ ነውና።

ሪኮል ማለት ምን ማለት ነው?

ከፋብሪካ የወጣ መኪና ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝ፣ አምራቹ ባለቤቶቹን ጠርቶ በነፃ ይሠራላቸዋል። ይኸው ነው። ጉድለቱን አምራቹ ራሱ ሊደርስበት ይችላል፤ አንዳንዴም መንግሥት መርምሮ ያስገድደዋል። በአሜሪካ ይህን ሥራ የሚሠራው ኤንኤችቲኤስኤ የሚባለው የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን ነው።

የፍሬን ሸራ ማለቅ ሪኮል አይደለም። ያ አገልግሎት ነው። ሪኮል የሚባለው መኪናዋ ስትሠራ ጀምሮ አብሯት የተወለደ ጉድለት ነው። ስለዚህ ጥሪው የሚከተለው ባለቤቱን አይደለም፣ የሄደችውን ኪሎ ሜትርም አይደለም። የሚከተለው ሻንሲ ቁጥሯን ነው። አምስት ሰው እጅ ብትገባ፣ ሦስት አገር ብትዞር፣ ጥገናው እስካልተደረገላት ድረስ ጥሪው እንደተከፈተ ይቆያል።

ችግሩ ደብዳቤው ነው። አምራቹ የሚጽፈው በዚያ አገር መዝገብ ላይ ላለው ባለቤት ነው። መኪናዋ ከፍሎሪዳ ወይም ከዱባይ ተነስታ ጅቡቲ ወደብ ላይ ስትወርድ ደብዳቤው ተከትሏት አይመጣም። አዲስ አበባ ያለው ገዢ የሚደርሰው ሊብሬ ብቻ ነው።

ኮሮላ «አትሞትም» ትባላለች። ታዲያ ምን ያሳስባል?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንቀላቅላለን። አንደኛው «ታደርሰኛለች ወይ?» ነው። ሁለተኛው «ብጋጭ ታተርፈኛለች ወይ?» ነው። ኮሮላ የመጀመሪያውን ጥያቄ ገና ከ1966 ጀምሮ ስትመልስ ኖራለች። እስከ 2021 ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሽጣለች። ጠዋት ቁልፍ ስትዞርላት ትነሳለች። መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ፤ የማይነካካት መካኒክም የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ይህ ዝናዋ ራሱ ያዘናጋናል። ሞተሯ ቶሎ ስለማይሞት መኪናዋ ሃያ ዓመት መንገድ ላይ ትቆያለች። ኤርባጓም አብሯት ሃያ ዓመት ያረጃል። ደካማ ሞተር ያለው መኪና ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተቆራርጦ በተሸጠ ነበር፤ አደገኛ ኤርባጉም አብሮት በሄደ ነበር። ኮሮላ ግን ትኖራለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያሉት ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። በእጃችን ያሉትን ማጣራት ያለብን ለዚህ ነው።

ስለ ታካታ ኤርባግ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ታካታ ለቶዮታ፣ ለሆንዳ፣ ለኒሳን፣ ለቢኤምደብሊውና ለሌሎች ብዙ አምራቾች ኤርባግ ያቀርብ የነበረ የጃፓን ኩባንያ ነው። ኤርባግ ዓይን ሳይርገበገብ የሚነፋው ከውስጡ በብረት የታሸገች ማፈንጃ ስላለች ነው። በማፈንጃዋ ውስጥ ያለው ኬሚካል ይነድና ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙ ከረጢቱን ይሞላል።

ታካታ የተጠቀመው አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ በማዳበሪያነትም በድንጋይ ማፈንጃነትም የሚያገለግል ውህድ። ርካሽ ነው፤ ግን እርጥበት ይስባል። ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ቅዝቃዜ እየተፈራረቀበት በዓመታት ውስጥ መልኩ ይለወጣል። የተለወጠው ኬሚካል በግጭት ጊዜ ከሚገባው በላይ ቶሎ ይነዳል። የብረቱ ማሸጊያ ግፊቱን አይችልም፤ ይፈነዳል። ስብርባሪው ከረጢቱን ቀዶ ወደ ፊትና ወደ አንገት ይወረወራል። ሕይወት ሊያድን የተሠራው ነገር እንዲህ ነው ሕይወት ያጠፋው።

በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ማፈንጃዎች ተጠርተዋል። በዚያው አገር ከ25 ሰው በላይ ሞቷል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆስለዋል። ከሞቱት ውስጥ ቀላል በሚባል ግጭት የሄዱ አሉ። በ2009 ኦክላሆማ ውስጥ የሞተችው ወጣት የነበረችው በትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። የምትነዳው 2001 ሆንዳ አኮርድ ነበር። ታካታ በ2017 ጥፋቱን አምኖ 1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በዚያው ዓመት ኪሳራ አወጀ።

የትኞቹ ኮሮላዎች ናቸው?

በአሜሪካው ዝርዝር ከ2003 እስከ 2013 ያሉ ኮሮላዎች አሉበት። ያሪስም አለችበት። በብዙዎቹ ኮሮላዎች ላይ ጥሪው ያረፈው ከሹፌሩ ጎን በሚቀመጠው ሰው ፊት ባለው ኤርባግ ላይ ነው። እናታችሁን የምታስቀምጡበት ቦታ ማለት ነው።

ከሁሉም የከፉት የ2003 እና የ2004 ኮሮላዎች ናቸው። በጥር 2024 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ጥገናው ላልተደረገላቸው 50,000 ያህል መኪኖች «አትንዷቸው» ብሎ አስጠነቀቀ። በዚያ ውስጥ የ2003 እና 2004 ኮሮላና ማትሪክስ፣ የ2004 እና 2005 ራቭ ፎርም ነበሩ። ነድታችሁ አምጡ እንኳ አላለም፤ ባሉበት እንሠራለን ወይም ጎትተን እንወስዳለን ነው ያለው። አንድ አምራች የገዛ መኪናውን አትንዱ ካለ ቃሉን እንዳለ መውሰድ ነው።

ሆንዳ የሚነዱም ይስሙኝ። የ2001 እና 2002 አኮርድና ሲቪክ ላይ ያለው አንድ ዓይነት የታካታ ማፈንጃ፣ በግጭት ጊዜ እስከ 50 በመቶ የመፈንዳት ዕድል እንዳለው ባለሥልጣኑ በ2016 ተናግሯል። ከሁለት አንዱ ማለት ነው።

መኪናዋ የኖረችበት አገር ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ኬሚካሉን የሚያበላሹት ሙቀት፣ እርጥበትና ዕድሜ ናቸው። አሜሪካኖቹ ጥሪውን ሲደለድሉ ቅድሚያ የሰጡት እንደ ፍሎሪዳና ሃዋይ ላሉ ሞቃትና እርጥብ ቦታዎች ነው። እኛ ዘንድ ከገቡት ኮሮላዎች ብዙዎቹ የመጡት ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። የዱባይን የነሐሴ አየር የቀመሰ ሰው ያውቀዋል፤ ያቃጥላልም፣ ይረጥባልም።

«አሁን እኮ አዲስ አበባ ናት፤ ብርድ ነው» የሚሉኝ አሉ። የአዲስ አበባ ብርድ ግን እዚያ የደረሰውን ጉዳት አይመልሰውም። ስለዚህ ሻጩን «ከየት ነው የመጣችው?» ብላችሁ ጠይቁት። ለዋጋ ክርክር የሚጠቅም ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሻንሲ ቁጥሯን የት አገኛለሁ? እንዴትስ አጣራለሁ?

ሊብሬው ላይ አለ። ግን በሊብሬው ብቻ አትርኩ፤ ከመኪናዋ ላይ ራሳችሁ አንብቡት። በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ዳሽቦርዱ ጥግ ላይ አንዲት ጠባብ ሰሌዳ አለች። አቧራ ይሸፍናታል። በእርጥብ ጨርቅ መስታወቱን ጠርጉና የስልካችሁን መብራት አግድም አብሩባት፤ ፊት ለፊት ካበራችሁ መስታወቱ ያንጸባርቃል። ፎቶ አንሱት። ከዚያ የሹፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ ከተለጠፈው ጋር አመሳክሩ፤ በመጨረሻ ከሊብሬው ጋር። ሦስቱ ካልገጠሙ ስለ ሪኮል ማሰብ ትታችሁ ከዚያ ግቢ ውጡ።

ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ ፈጽሞ አይገቡም። ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው። ብዙ ሰው «አይሠራም» የሚለኝ እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት መኪናዋ የት እንደተሠራች ይነግራችኋል። ጄ ከሆነ ጃፓን ነው። 1፣ 4 ወይም 5 ከሆነ አሜሪካ፣ 2 ከሆነ ካናዳ።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ከሆነች የኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገቡ። ክፍያ የለውም፤ ደቂቃም አይፈጅም። ያልተሠራ ጥሪ ካለ ያሳያችኋል።

ከባሕረ ሰላጤው የመጣች ከሆነች ግን የአሜሪካው ገጽ አያውቃትም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ምንም አልተገኘም» ሲላቸው «ንጹህ ናት» ብለው ይደሰታሉ። ንጹህ ናት ማለት አይደለም፤ መዝገቡ ውስጥ የለችም ማለት ነው። ሳዑዲም ኤሜሬቶችም የራሳቸው የሪኮል ገጽ አላቸው፤ እዚያ ፈልጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ አለ። ሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ጠይቁ።

ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት፣ ብዙዎቹ ቪትዞችና አንዳንድ ኮሮላዎች፣ 17 አኃዝ የላቸውም። በሰረዝ የተለየ አጭር ቁጥር ነው ያላቸው። ለእነሱ የሚያገለግለው የጃፓን ቶዮታ ገጽ ነው። ቋንቋው ጃፓንኛ ቢሆንም የስልክ አስተርጓሚ ይበቃችኋል።

የኤርባግ መብራቷ አይበራም። ደህና ናት ማለት ነው?

አይደለም። እንዲያውም እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ እኔም የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

አሁን የምነዳትን ኮሮላ ስገዛ ዳሽቦርዷ ላይ አንድም መብራት አልነበረም። ደስ ብሎኝ ተፈራረምኩ። ከሁለት ወር በኋላ ለዘይት ቅያሪ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ወጣት ልጅ ነው። ቁልፉን ዞር አድርጎ ሞተር ሳያስነሳ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ምን እንደሚጠብቅ አልገባኝም። ከዚያ ጠራኝ፦ «እህቴ፣ ነይ እይው። ይሄ የኤርባጉ ነው። ብቻውን መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። አሁን ሞተር ላስነሳ፤ እይ፣ ከዘይቱ መብራት ጋር እኩል ጠፋ።»

መሪዋን ሲፈታው ውስጡ ባዶ ነበር። ከላይ ክዳኑ በማጣበቂያ ተለጥፏል። መኪናዋ ከዚህ በፊት ተጋጭታ ኤርባጓ ወጥቷል፤ አንድ ሰው የመብራቱን ሽቦ ከዘይቱ ጋር አገናኝቶ ሸጧታል። ሁለት ወር ሙሉ ልጆቼን ይዤ ስነዳት ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይከብደኛል።

ስለዚህ እናንተም እንደዚያ ልጅ አድርጉ። ቁልፉን ዙሩ፤ ሞተር ግን አታስነሱ። መብራቶቹ ሁሉ ይበራሉ። ከፊቱ ክብ ነገር ያለበት የተቀመጠ ሰው ምስል አለ፤ እሱ ነው የኤርባጉ። በልባችሁ ቁጠሩ። ስድስት ሰከንድ አካባቢ ሲሆን እሱ ብቻውን መጥፋት አለበት፤ የዘይቱና የባትሪው ግን እንደበሩ ይቆያሉ። ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል። ከሌላው ጋር አብሮ ከጠፋ ሽቦው ተነካክቷል። በርቶ ከቀረ ደግሞ ችግሩን ራሱ እየነገራችሁ ነው።

ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ሻጩ አጠገባችሁ ቆሞ ማድረግ ይቻላል።

ኤርባጓ ከሌለ ያገለገለ ገዝቼ ላስገጥም?

አታስገጥሙ። ከሌላ አሮጌ መኪና የተፈታው ያው በጥሪ ላይ ያለው ታካታ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ አይለይም። ስሙ የማይታወቅ አዲስ ደግሞ የባሰ ነው። በ2024 ኤንኤችቲኤስኤ ርካሽ ምትክ ማፈንጃዎች ፈንድተው ሰው መግደላቸውን ገልጾ አስጠንቅቋል። እኔ በመጨረሻ በወኪል በኩል አስመጣሁ። ዋጋው ያስደነግጣል፤ አልዋሻችሁም።

ጥሪው እንዳለባት አረጋገጥኩ፤ መለዋወጫው ግን አልተገኘም። እስከዚያ ምን ላድርግ?

ጥሪው በተሳፋሪው በኩል ከሆነ እዚያ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥ። በ2014 መለዋወጫ ባጠረ ጊዜ ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ያደረገው ይህን ነው፤ የተሳፋሪውን ኤርባግ እያጠፋ «እዚህ አትቀመጡ» የሚል ምልክት ይለጥፍ ነበር። ልጆች ኋላ ይቀመጡ፤ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሪኮል ኖረም አልኖረም ቦታው ኋላ ነው። ቀበቶ ሁሉም ይሰር፣ የኋላዎቹም።

ጥሪው በሹፌሩ በኩል ከሆነ፣ ወይም መኪናዋ «አትንዷት» ከተባሉት ውስጥ ከሆነች፣ ምክሬ አንድ ነው፤ አቁሟት።

በሰፈር ኤሌክትሪሺያን ግን አታስፈቱት። ማፈንጃ ነው። ባትሪ ሳይነቀል ቢነካካ እዚያው ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የሰው ልጅ ነው፤ እሱም እናት አለው።

ሌላስ ምን ሪኮል አለባት?

ከ2009 እስከ 2010 ዓለምን ያነጋገረው የነዳጅ ፔዳል ጉዳይ ነበር። አንዱ ምክንያት ፔዳሉ ተጭኖ መቅረቱ ነው፤ ሌላው የወለል ምንጣፉ ፔዳሉን መያዙ። የ2009 እና 2010 ኮሮላዎች ነበሩበት። ቶዮታ በ2014 ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። የእኛ ሰው ምንጣፍ ላይ ምንጣፍ መደረብ ይወዳል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ላስቲክ ከላይ ይጨምራል። ከሹፌሩ እግር ሥር አንድ ብቻ ይሁን፤ እሱም በማሰሪያው ይያዝ።

ከ2005 እስከ 2008 ያሉት ላይ የሞተሩ ኮምፒውተር ብየዳ ይሰነጠቅና መኪናዋ እየሄደች ልትጠፋ ትችላለች። ጥሪው የወጣው በ2010 ነው። መንገድ ላይ ያለ ምክንያት የምትጠፋ ኮሮላ ካለቻችሁ፣ የነዳጅ ፓምፕ ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። በ2012 ደግሞ የሹፌሩ በር ላይ ያለው የመስታወት መቆጣጠሪያ ይግላል፣ ሊነድም ይችላል ተብሎ በዓለም ዙሪያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የቶዮታ መኪኖች ተጠሩ። ማብሪያው ሲንገጫገጭ ዘይት ወይም ቅባት የሚቀቡ አሉ። አታድርጉት፤ እሳት መጋበዝ ነው።

አዲሶቹም አላመለጡም። በ2020 ከ2011 እስከ 2019 ያሉ ኮሮላዎች ተጠርተዋል፤ በግጭት ጊዜ የኤርባጉ ኮምፒውተር ሊደነዝዝና ኤርባጉ ላይወጣ ስለሚችል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከሌሎች ሞዴሎች ጋር 2.9 ሚሊዮን መኪና ነው።

ሪኮል ያለባትን መኪና ባልገዛ አይሻልም?

የግድ አይደለም። ሪኮል የሌለበት ታዋቂ ሞዴል የለም ማለት ይቻላል። መጠየቅ ያለበት «ተሠርቶላታል ወይ?» የሚለው ነው። ጥሪ ወጥቶባት የተሠራላት የ2004 ኮሮላ አዲስ ማፈንጃ አላት። ምንም ወሬ ካልሰማችሁላት ሌላ መኪና እሷን እመርጣለሁ። አሜሪካ ያላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ አሠርቶ ይምጣ በሉት። ነፃ ስለሆነ ሰበብ የለውም።

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። ሻጩ ሪኮሉን ሳያሠራ ሊሸጥልኝ ይችላል?

በፌዴራል ሕግ ያገለገለ መኪና ከሆነ ይችላል። አዲስ መኪና ላይ ግን የተከለከለ ነው። የኪራይ ድርጅቶችም ከ2016 ጀምሮ ያልተሠራ ሪኮል ያለበትን መኪና ማከራየት አይችሉም። ያገለገለ መኪና ሻጩን የሚይዘው የፌዴራል ሕግ የለም። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት አላመነችኝም ነበር። ስለዚህ ማጣራቱ የእናንተ ሥራ ነው። ግቢው ውስጥ ቆማችሁ በስልካችሁ አጣሩ።

አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችሁም ይህንኑ አድርጉላቸው። የሻንሲ ቁጥሩን በቴሌግራም ይላኩላችሁ። ከአሜሪካ በጨረታ ወጥቶ በሻርጃ በኩል የዞረ መኪና ብዙ ነው። አደጋ ደርሶበት «ሳልቬጅ» የተባለ መሆኑን የታሪክ ዘገባው ያሳያል፤ ጥቂት ዶላር ነው የሚያስከፍለው። ከላኩት ስጦታ ሁሉ የሚበልጥ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ስገዛ ምን ልይ?

ከ2003 በኋላ ያሉት ኮሮላዎች ብዙዎቹ ታይሚንጋቸው፣ ማለትም የሞተሩን ውስጣዊ እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ክፍል፣ በሰንሰለት ነው፤ እንደ ላስቲክ ቀበቶው በየጊዜው አይቀየርም። ዘይቷ በሰዓቱ ከተቀየረላት ረጅም ዕድሜ አላት። ካልተቀየረላት ሰንሰለቱ ይላላል፤ ጠዋት ስትነሳ ኮፈኗ ሥር ይንኳኳል። ለዚህ ነው ሻጩ መኪናዋን አሙቆ ሲጠብቃችሁ የምትጠረጥሩት። ጠዋት ሂዱ፤ ኮፈኗን በእጃችሁ ዳብሱት። ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለሱ።

ዘይት መብላት ቀጣዩ ነው። ከ2002 በፊት የነበሩት 1.8 ሞተር ያላቸው ኮሮላዎች በዚህ ይታማሉ፤ በፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች በዝቃጭ ይደፈናሉ። የ2007 እስከ 2009 ካምሪ 2.4ም ተመሳሳይ ሕመም ነበረበት፤ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ የዋስትና ጊዜውን አራዝሞ ጠግኗል። መኪናዋን ቁልቁለት ላይ በማርሽ አውርዷት፣ ከዚያ ነዳጅ ረገጥ አድርጉ። ኋላ የሚከተል ሰው ሰማያዊ ጭስ ካየ ዘይት ትበላለች። እንጦጦ መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል።

ራዲያተሩን ቀዝቅዞ ሳለ ክፈቱት። ንጹህ ቀለም ያለው ውሃ ካለ ጥሩ። ዝገት ወይም ቅባት ካለበት ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ጠርጥሩ። ቴስቲኒ፣ ቦል ጆይንት፣ አሞርዛተር፣ እነዚህ የመሪና የጎማ ማያያዣ ክፍሎች በእኛ መንገድ ያልቃሉ፤ ይቀየራሉ፣ አያስፈሩም። አውቶማቲክ ካምቢዮዋ ሲቀይር ከመታ ግን ዋጋው ላይ በደንብ ተከራከሩ።

ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ነው። ልመነው?

አትመኑት። የፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እዩ። እነዚህን መልሶ የሚቆጥር የለም።

ቦሎ ለጥፋለች። አይበቃም?

ቦሎ የዓመቱን ምርመራ ማለፏን ነው የሚናገረው። የፋብሪካ ጥሪ ተሠርቶላታል ወይ ለሚለው መልስ የሚገኘው በሻንሲ ቁጥሯ ነው።

ሻጩ ወይም ደላላው ሻንሲ ቁጥሩን አላሳይም ቢለኝስ?

በትሕትና አንድ ጊዜ ድገሙለት፤ ለምን እንደፈለጋችሁት ንገሩት። ብዙ ሻጭ ሪኮል ምን እንደሆነ ራሱ አያውቅም፤ ሲገባው ያሳያችኋል። አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም ለራሳቸው ሁለተኛ መኪና አጣሪልኝ ብለውኛል፤ ጥሪ ተገኘባት። አሁንም እምቢ ካለ ግን አመስግናችሁ ሂዱ። ሌላ ኮሮላ ትገኛለች።